ሞተሩ ደህና ነበር፣ ቤቱ ግን ረጥቧል፦ አንድ ቤተሰብ ያገለገለ አር ቪ የገዛበት መንገድ

መነሻ

መኪና መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አብዛኛውን የሠራሁት እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ካምሪ ወይም ኮሮላ ከሆነ ብዙም አልቸገርም። ሞተሩን ሰምቼ፣ ዘይቱን አይቼ፣ አንድ ዙር ነድቼ ግዛ ወይም ተው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም ላይ የመጣልኝ ጥያቄ ግን ከለመድኩት ወጣ ያለ ነበር። "ጋሼ፣ አር ቪ ልንገዛ ነው፤ ይዩልን" አለኝ አንድ የማውቀው ልጅ። አር ቪ እንግዲህ አልጋ፣ ማብሰያ፣ ሽንት ቤት ያለው ቤት የተሸከመ መኪና ነው። ሞተር ሆምም ይባላል። መኪና መኪና ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ ተነሳሁ።

ይህን የምጽፈው ያ አነጋገሬ ስህተት ስለነበር ነው። ባለሙያ ነኝ ባይ እኔ ወደ ገደል ልመራቸው ስል ያዳነችን የሞተር ክዳን ከፍታ የማታውቅ ሴት ናት። የሰዎቹን ስም አልጠራም። ቁጥሩን ግን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ሌላ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው።

ቤተሰቡና ገንዘቡ

ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሚስት ሆቴል ውስጥ የጽዳት ተቆጣጣሪ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። የእሷ እናትም ከአዲስ አበባ መጥተው አብረዋቸው ይኖራሉ። አምስት ሰው ማለት ነው።

በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን አትላንታ ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ይሄዳሉ። ዘመድ ቤት ሁሌም ሰው ይሞላል፣ ስለዚህ ሆቴል ሁለት ክፍል ይይዛሉ። በዚያ ላይ ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ነው። እማማ ደግሞ በጾም ቀን መንገድ ላይ የተገዛ ምግብ አይነኩም። "ዘይቱ ምን እንደተጠበሰበት ማን ያውቃል?" ነው ነገሩ። ሹሮና ጎመን በፌስታል ይዞ አሥራ አንድ ሰዓት መንዳት ሰልችቷቸዋል። የአር ቪው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ዕቁባቸው በዚያ ዓመት ወጣላቸው፤ 15 ሺህ ዶላር። የቆጠቡትን 6 ሺህ ጨምረው 21 ሺህ ያዙ። ብድር አንወስድም ብለዋል።

የመጀመሪያ ምክሬ ትክክል ነበር፣ በዚህ እኮራለሁ። ሃያ አንዱን ሺህ በሙሉ ለመግዣ አታውሉት፣ ከ15 እስከ 16 ሺህ ድረስ ብቻ ፈልጉ አልኳቸው። ያረጀ ነገር የገዛ ሰው ከገዛ በኋላም መግዛቱ አይቀርም።

የምን ዓይነት አር ቪ?

በአሜሪካ ሞተር ሆም ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ይከፈላል። ኤ አውቶቡስ የሚያክለው ነው። ቢ ቫን ውስጥ የተሠራ ነው፤ ለሁለት ሰው ይመቻል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሲ የሚባለው ፊቱ የተለመደ የቫን ፊት ሆኖ ከሹፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያወጣው ነው። ለቤተሰብና ለመካከለኛ ኪስ የሚሆነው ሲ ነው፤ እነሱም እሱን መረጡ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ የፎርድ ኢ-450 ሻንሲ (ቤቱ የሚጫንበት የታችኛው አካል) ላይ የተሠሩ ናቸው። ሞተሩ 6.8 ሊትር፣ አሥር ሲሊንደር ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ አምቡላንስም የትምህርት ቤት አውቶቡስም ላይ ተገጥሟል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ግን ቴስታቸው ላይ ካንዴላው የሚታሰርበት ጥርስ ጥቂት ስለነበር ካንዴላ በመትፋት ይታወቃሉ። ስለዚህ ከ2005 ወዲህ ያለውን ፈልጉ አልኩ። በዚያ ዓመት ካምቢዮውም ወደ አምስት ማርሽ ተሻሽሏል።

አንድ ነገር ደግሞ ባልየው ራሱ አስተዋለ፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነዋ። ማስታወቂያው ላይ "ስድስት ሰው ያስተኛል" ይላል። የደህንነት ቀበቶ ግን ስንት አለው? አንዱ ያየነው ስድስት ሰው የሚያስተኛ ነበር፤ ቀበቶው አራት ብቻ። አምስተኛውን ሰው ጣሪያ ላይ ልታስረው ነው? እሱን ሳንሄድ በስልክ ሰረዝነው።

የመጀመሪያው መኪና

ጥቅምት ላይ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አገኘን። የ2005 ሞዴል፣ የሄደው 28 ሺህ ማይል ብቻ፣ ዋጋው 17,900 ዶላር። ከያዝነው ትንሽ ያልፋል፣ ግን ማይሉን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መኪና 28 ሺህ ማይል!

ክዳኑን ከፈትኩ። ሞተሩ አዲስ ይመስላል። ዘይቱ ንጹሕ፣ የካምቢዮው ዘይት ቀይ፣ ቺንጋው ያልተሰነጣጠቀ። አውራ ጎዳና ላይ ነዳሁት። ማርሹ ሲቀያየር አይታወቅም። ስመለስ ባልየውን ወደ ጎን ጠርቼ "እንዳያመልጣችሁ" አልኩት። ይህን ቃል እስካሁን ያነሳብኛል።

ሚስትየው ስንነዳ አብራን አልሄደችም ነበር፤ ከመነሳታችን በፊት ግን ውስጡን ስታይ ቆይታለች። ከባልየው ጋር አውርቼ ወደ መኪናው ስመለስ ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ላይ ወጥታ ተንበርክካለች።

"ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ጋ እጅዎን ያሳርፉ።"

ፍራሹን ገልጣ የግድግዳውን ጥግ አሳየችኝ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ወደ ውስጥ ገባ። የራሰ ካርቶን እንደመጫን ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከሌላው ቦታ ይልቅ አዲስ ነበር።

"ሽታ ማጥፊያ ሦስት ቦታ ሰክቷል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሆቴል ውስጥ ሽታ ማጥፊያ የበዛበት ክፍል ካየሁ መጀመሪያ የማየው ከመጋረጃው ጀርባ ነው።"

ወደ ውጭ ወጥቼ ያንኑ ጥግ ከጎን በኩል፣ የእጅ ባትሪ አስጠግቼ አየሁት። ግድግዳው ሜዳ አይደለም። ዓይኑ እንደ ጠፋ እንጀራ እዚህም እዚያም አብጧል። ከፊት ለፊት ብታየው አይታይም፤ ብርሃኑ ሲያጋድል ነው የሚታየው።

ሻጩን እንደገና እንድናየው ጠየቅነው፣ ፈቀደ። በሳምንቱ የእርጥበት መለኪያ ገዝተን ተመለስን። ዋጋው 40 ዶላር አይሞላም። እንጨት ላይ ሲያስጠጉት መቶኛ ይነግራል። ከ15 በታች ከሆነ ደረቅ ነው፤ ከ20 ካለፈ ውሃ አለ። የመኪናው መሀል ግድግዳ 12 አለ። ከአልጋው በላይ ያለው ጥግ 34። የኋላ መስኮት ሥር 26።

ሻጩ ቁጥሩን ሲያይ ወዲያው 3 ሺህ ዶላር ቀነሰ። ባልየው ልቡ ሸፈተ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ተንገዳገደ፤ ያ ሞተር አሳዘነኝ። የአር ቪ ግድግዳ የሚጠግን ሰው ጋ ደወልን። "ከ7 እስከ 9 ሺህ፤ ግን ሳልከፍተው ምንም አልምልም" አለን። ተውነው።

ውሃው ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ራሴ ያልገባኝ ይህ ነበርና።

የተለመደ መኪና አካሉ ቆርቆሮ ነው። የአር ቪ ግድግዳ ግን እንደ ሳንድዊች ነው። ከውጭ ስስ ፋይበርግላስ፣ ቀጥሎ ስስ ኮምፐንሳቶ፣ መሀል ላይ ፎም፣ ከዚያ የውስጥ ኮምፐንሳቶ። ሁሉንም የያዘው ሙጫ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ የእንጨት ማገር አለ። ጣሪያው ላይ ጎማ መሰል ሸራ ተነጥፏል። የአየር ማቀዝቀዣው፣ ማስተንፈሻዎቹ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ጣሪያውንና ግድግዳውን ቀደው የገቡ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ዙሪያ በማሸጊያ ሙጫ ተደፍኗል።

ያ ማሸጊያ ፀሐይ ሲበላው ይሰነጠቃል። መኪናው እየሄደ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁ ይሰፋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በፀጉር በምታህል ቀዳዳ ይገባል። ኮምፐንሳቶው ይበሰብሳል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ፋይበርግላሱ ያብጣል። አንተ ውስጥ ሆነህ ጠብታ ስታይ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

ስለዚህ ትንሽ ማይል እዚህ የምሥራች ላይሆን ይችላል። 28 ሺህ ማይል በሃያ ዓመት ማለት መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን ቆሞ ነው ያሳለፈው። የቆመ አር ቪ ጣሪያው ላይ የሚወጣ የለም። ጎማው ቆሞ ይደርቃል። ጄኔሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ካርቡራቶሩን ይደፍነዋል። እኔ መኪናውን እንደ ኮሮላ ነበር ያየሁት። እሷ እንደ ሆቴል ክፍል አየችው። ትክክለኛዋ እሷ ነበረች።

ሁለተኛው መኪና

ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ሪችመንድ አካባቢ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት የሚሸጡት አገኘን። የ2006 ሞዴል፣ 71 ሺህ ማይል፣ የጠየቁት 16,900። ወረቀቱ ላይ ሻንሲው የ2005፣ ቤቱ የ2006 ይላል። ይህ የተለመደ ነው፤ ፎርድ ሻንሲውን ይሠራል፣ ሌላ ፋብሪካ ቤቱን በዓመቱ ይጭንበታል። መለዋወጫ ሲገዛ ግን የሻንሲውን ዓመት መናገር ያስፈልጋል።

ሲያዩት አያምርም። የጎኑ መስመር ተልጧል። ምንጣፉ ተበልቷል። መጋረጃው የማን አያት እንደመረጠው እንጃ። ልጆቹ ፎቶውን አይተው "ይሄን?" አሉ።

ግን ሰውየው አንድ ወፍራም ክላሰር ይዞ ወጣ። የዘይት፣ የፍሬን፣ የጄኔሬተር ደረሰኝ በየዓመቱ ተሰክቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ጊዜ "ጣሪያ ታየ" ብሎ በእጁ ጽፏል። መሰላል ጠየቅኩና ወጣሁ። ማሸጊያው አዲስና አሮጌ የተደራረበ ነው፤ መልኩ እንደ ተለሰነ የጭቃ ቤት ነው። መልኩን ማን ይፈልገዋል?

ሚስትየው መለኪያውን ይዛ ውስጡን ዞረች። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ መስኮት ሥር። 9፣ 11፣ 13። አንድ ቦታ ብቻ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማስተንፈሻ ጥግ ላይ፣ 17 አለ። ጻፈችው።

ፍሪጁን በተመለከተ ከመጀመሪያው መኪና ተምረን ነበር። የአር ቪ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እንደ ቤት ፍሪጅ በሞተር አይሠራም። በሙቀት የሚሠራ፣ አሞኒያ የሚዘዋወርበት ነው፤ በኤሌክትሪክም በፕሮፔን ጋዝም ይሠራል። ለመቀዝቀዝ ግን ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ቦታው ደርሰህ ብታበራው ምንም አታውቅም። ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ አብሩልን ብለናቸው ነበር። ስንደርስ ቀዝቅዟል።

ሌላ ወጥመድ ነበር። በረዶ ሊመጣ ስለሆነ ሰውየው የውሃውን መስመር ለክረምት አዘጋጅቶታል። ውሃውን አፍስሶ ቧንቧው እንዳይሰነጠቅ ሮዝ ፈሳሽ ሞልቶበታል። ጥሩ ባለቤት የሚያደርገው ነው። ለገዢ ግን ቧንቧው ያፈስ አያፍስ የሚታይበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። "ፈሳሹን እኛ እንከፍላለን፤ ውሃ ሙላልንና እንየው" አልን። ትንሽ አንገራገረና ተስማማ። ከማሞቂያው ጀርባ አንድ መገጣጠሚያ ሲያንጠባጥብ አገኘነው፤ እዚያው በመፍቻ አጠበቅኩት።

ጄኔሬተሩ ሰዓት ቆጣሪው ላይ 412 ይላል። አስነስተን የአየር ማቀዝቀዣውን ጭነንበት ሃያ ደቂቃ አቆየነው። ባዶውን ማስነሳት ምንም አይነግርህም። ለ40 ደቂቃ ነዳሁት፣ ዳገትም አስወጣሁት። የሻንሲ ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ነፃ ድረ ገጽ ላይ አስገብተን ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ (ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ ለጥገና የሚጠራው) እንዳለውና እንደሌለው አየን፤ የለውም። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ንጹሕ ነው፣ ስሙም የሰውየው ነው።

ጎማውንም አየሁ። የጎማ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ አይደለም፤ ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ኮድ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ነው። የፊቶቹ 2221 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2021 ሃያ ሁለተኛው ሳምንት ማለት ነው። የኋላዎቹም እንደዚያው። ደስ አለኝ። ይህን አንቀጽ ልብ ይበሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በ14,600 ዶላር ተጨባበጥን። ያስቀነሰልን ክርክር አይደለም። የተላጡት መስመሮች፣ ምንጣፉ፣ ያረጁት የቤቱ ባትሪዎችና ጊዜው ያለፈበት የጋዝ ማስጠንቀቂያ ናቸው። መልኩ ያስቀነሰልን ገንዘብ ለጤንነቱ ዋለ።

ከገዙ በኋላ

የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ነው፤ 606 ዶላር ወጣ። ካውንቲው ደግሞ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይጠይቃል። ባትሪዎቹ 240፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያው 80፣ ለጣሪያው ማሸጊያ 60። የመታጠቢያ ቤቱን ማስተንፈሻ ዙሪያ እኔና ባልየው በአንድ ቅዳሜ ደፈንነው።

ፈጽሞ ያላሰብነው ማቆሚያ ነበር። የሰፈራቸው ማኅበር አር ቪ ማቆም አይፈቅድም። በወር 110 ዶላር ከፍለው ውጭ ያቆሙታል። ይህን ከመግዛታቸው በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ስልክ የሚፈልግ ጉዳይ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ ሸናንዶዋ ፓርክ ነበር፣ ግንቦት ላይ። ባልየው ከመነሳቱ በፊት ቁመቱን ከማቀዝቀዣው ጫፍ ጀምሮ በሜትር ለካ፤ 11 ጫማ ከ3 ኢንች። ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የፓርኩ መንገድ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ጣሪያው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ መሪው አጠገብ ለጠፈው። የአውቶቡስ ሹፌር ጠባይ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ምጣዱም የራሱ ታሪክ አለው። እማማ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ካልያዝኩ አልሄድም አሉ። ምጣዱ 1,500 ዋት ይላል። መኪናው ከካምፑ የሚያገኘው መስመር 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት ሲባዛ 3,600 ዋት። የአየር ማቀዝቀዣውም ሲነሳ ቀላል አይበላም። ማይክሮዌቭ ሲጨመር ሁሉም ጠፋ። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጥቷል፦ ምጣድ ሲጣድ ሌላው ሁሉ ይጠፋል፣ ልጆቹም ውጭ ይቀመጣሉ።

ሰሜን ለሚሄድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን በሲሊንደር የያዘ መኪና አያሳልፉም፤ አብዛኛው አር ቪ ደግሞ ፕሮፔን ይይዛል። ቀድሞ ሰው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይዞር ነበር። ድልድዩ በማርች 26፣ 2024 መርከብ መትቶት ከወደቀ ወዲህ ባልቲሞርን በሚዞረው አይ-695 አውራ ጎዳና ምዕራባዊ ጎን መዞር ግድ ሆኗል። ፊላደልፊያ ለሰርግ ሲሄዱ ይህን ሳያውቁ ቢሆን ዋሻው አፍ ላይ ይመለሱ ነበር።

ያልተሳካው

ሁለት ነገር አምልጦናል። አንደኛው ቀላል ነው። ፍሪጁን የሞከርነው በኤሌክትሪክ ብቻ ነበር። በመንገድ ላይ በጋዝ ሲያደርጉት እምቢ አለ። የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነበር የተበላሸው፤ 165 ዶላር። ሁለቱንም መሞከር ነበረብን።

ሁለተኛው የእኔ ጥፋት ነው።

ጁላይ ላይ፣ ወደ አትላንታ ሲሄዱ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አይ-85 ላይ አንድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ኢ-450 ኋላው ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ አለው። የፈነዳው የውስጠኛው ነው። የተቀደደው ጎማ እየተወረወረ የመከላከያውን ፕላስቲክ ሰበረ፤ የእቃ ማጠቢያው ቆሻሻ ውሃ የሚወጣበትን ቧንቧም ቆረጠ። ባልየው መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ፍሬን ሳይረግጥ፣ ቀስ ብሎ ዳር አወጣው። ማንም አልተጎዳም።

አስቸኳይ እርዳታ እስኪደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ሙቀቱ አይጣል ነው። እማማ ከአጥሩ ወዲያ ዛፍ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው ዳዊታቸውን ደገሙ። ልጆቹ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ጨረሱት።

ፎቶ ላኩልኝ። የፈነዳው ጎማ ኮድ 0913 ይላል። የ2013። አሥራ ሁለት ዓመት! ሌላኛው የውስጥ ጎማም እንደዚያው። የቀድሞው ባለቤት የውጭዎቹን ቀይሮ የውስጦቹን ትቷቸዋል፤ ጥርሳቸው ጥሩ ነበርና አሳዘኑት መሰለኝ። እኔ ደግሞ ያየሁት የውጭዎቹን ነው። ሙሉው ኮድ የሚታተመው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው። የውስጠኛው ጎማ ኮድ ደግሞ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። ለማየት በጀርባ ተኝቶ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ከሥር መግባት ያስፈልጋል። ኅዳር ነበር፣ መሬቱ ርጥብ ነበር፣ አዲስ ሱሪ ለብሼ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው።

የአር ቪ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው ጥርሱ ምንም ቢያምር መቀየር አለበት። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። የውስጦቹን ሁለት ጎማዎች መቀየር 460 ወጣ። ፕላስቲኩና ቧንቧው 780።

ገለልተኛ የአር ቪ መርማሪ ቀጥረን ቢሆንስ? ጠይቀን ነበር፤ 900 ዶላር አለን። "ጋሼ እያሉ ምን ያደርግልናል" ብለው ተውት። እኔም ዝም አልኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ። አሁን ሳስበው 900 ዶላሩ መከፈል ነበረበት። ሥራው ያ የሆነ ሰው ከሥር ሳይገባ አይሄድም፣ ዘመድም ስላልሆነ ይሉኝታ የለበትም።

ሒሳቡ

መኪናው 14,600፣ ግብሩ 606፣ ከዚያ በኋላ የተጠገነውና የተቀየረው ሁሉ 1,785። የዓመት ማቆሚያ 1,320፣ ኢንሹራንስ 680። ከ21 ሺሁ ውስጥ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ተርፏል። ነዳጅ በዚህ ውስጥ የለም። በአንድ ጋሎን ስምንት ማይል ተኩል ይሄዳል፤ አትላንታ 640 ማይል ስለሆነ መሄጃው ብቻ 75 ጋሎን ይጠጣል።

የመጀመሪያውን መኪና በ14,900 ገዝተው ቢሆን ግድግዳው ብቻ የቀረውን ገንዘብ ይውጠው ነበር፣ ቢበቃውም ነው።

ለሌላው የሚሆነው

ሰው አሁን ስለ አር ቪ ሲጠይቀኝ ማይሉን መጨረሻ ነው የምጠይቀው። መጀመሪያ መሰላል ይዘህ ሂድ እላለሁ። ጣሪያው ላይ የማያስወጣህ ሻጭ ካጋጠመህ መልሱን ሰጥቶሃል። ከዚያ መለኪያውን በየጥጉ አስጠጋ፤ ከአልጋው በላይ ያሉትን ጥጎች፣ የመስኮቶችን ሥር፣ የኋላ ግድግዳውን። ከዚያ ነው ሞተር የሚከፈተው።

ቤት የሚያውቅ ሰውም ይዘህ ሂድ። መካኒክ ሞተር ያያል፤ ሽታ አይሸተውም፣ አፍንጫችን በቤንዚን ሞቷል። ቤት የምታጸዳ፣ ቀለም የሚቀባ፣ ቧንቧ የሚሠራ፣ ማንም ይሁን። እሷ ያየችውን እኔ ሌላ ሃያ ዓመት ብሠራ አላየውም ነበር።

ሻጩ የሚለውን ሳይሆን የጻፈውን እመን። ያ ክላሰር በእኔ ግምት ከ40 ሺህ ማይል በላይ ዋጋ አለው።

መግዛት ይሻላል ወይስ መከራየት የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሳምንት ብቻ የሚወጣ ሰው ቢከራይ ይሻለዋል፤ ማቆሚያና ኢንሹራንስ በቆመበት ይበሉታል። እነዚህ በመጀመሪያው ዓመት 24 ሌሊት አድረውበታል። እማማ ደግሞ ቤታቸው አድርገውታል፤ የማርያም ሥዕል ከፍሪጁ በላይ ለጥፈዋል።

ባለፈው ጥቅምት ከባልየው ጋር መሰላል ይዘን እንደገና ጣሪያው ላይ ወጣን። ፊት ለፊት ካለው ማስተንፈሻ ዳር ማሸጊያው ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ደፈንነው። ሚስትየው ከውስጥ ሆና መለኪያውን መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ አስጠጋች። "12!" ብላ ጮኸች።